ቅቤው ለፋሲካ ይትረፍ

«ሹፌሩም ይዘጋጅ። አንተ እግርህን ታመሃል፤ ልጅህ ይነዳ የለ?»

ባንችይርጋ ይህን የሰማችው ማድቤት ሆና በሶ ስትነፋ ነው። ወንፊቱ እጇ ላይ ቀረ። ተናጋሪው ውጭ በር ላይ የቆመ ባለጠመንጃ መልእክተኛ ሲሆን የሚነገረው ለባሏ ለደግሰው ነበር። ደግሰው ምን ብሎ እንደመለሰ አልሰማችም፤ ባሏ በዚህ ዓመት ለባለጠመንጃ የሚመልሰው «እሺ» ብቻ ስለሆነ መስማትም አላስፈለጋትም። የቆርቆሮው በር ተንቋቅቶ ተዘጋ። ጥቂት ቆይቶ ደግሰው ግራ እግሩን እየጎተተ ገባና በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ፣ ትንሽ ትሪ የሚያህል ክብ ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሌላ ቀን የመኪና ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ የጠረጴዛ ልብሷን እንዳያቆሽሽባት ሥሩ ጋዜጣ የሚያነጥፍ ሰው ነው። ዛሬ ጋዜጣውን ረሳው። ባንችይርጋን ከመልእክተኛው ንግግር እኩል ያስፈራት ይህ ነበር።

«ሸራው መጣ» አለ።

«የቱ ሸራ?»

«እውነተኛው።»

እውነተኛው ማለቱ ነገር አለው። ግቢያቸው ውስጥ አንዲት አሮጌ ላንድክሩዘር ቆማለች። ደግሰው ዕድሜውን ሙሉ በእሷ ቱሪስት ሲያመላልስ፣ ነአኩቶ ለአብ ሲያደርስ፣ እስከ አሸተን ማርያም ዳገት ሥር ሲወስድ ኖሮ፣ ቱሪስቱ ጠፍቶ ባለጠመንጃው ሲበዛ ፍሪሲዮኗ ተበልቶ ቆመች። ሞተሯ ይነሣል፣ ማርሽ ይገባል፣ ነዳጅ ሲረግጡላት ትጮኻለች፤ ጎማዋ ግን ንቅንቅ አይልም። የሰፈሩ መኪና ሁሉ አንድ በአንድ ሲወሰድ እሷን ያተረፋት ይኸው በሽታዋ ነው። ወሳጆቹ የየትኛው ወገን ሰዎች ናቸው ለሚል፣ ባንችይርጋም ጠይቃ አታውቅም፤ ጠመንጃ ያነገተ ሰው ደጅ ሲቆም የሚጠየቀው «ውሃ ላምጣ?» ተብሎ ነው። ከገና በኋላ አለቃ የሚሉት ሰውዬ መጥቶ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አየና ምን እንደጎደላት ጠየቀ። ደግሰውም «ሸራ ነው፤ ሸራ ካልተገኘላት አትሄድም» አለው። በሹፌርና በመካኒክ አፍ ሸራ ማለት ያ የሞተሩን ጉልበት ለጎማው የሚያቀብለው የፍሪሲዮን ክብ ነው። ከእርሻ ለመጣ ሰው ግን ሸራ ሸራ ነው፤ ዝናብ ሲያስፈራራ ክምር የሚያለብሱት። ብዙም ሳይቆይ በአህያ የተጫነ፣ ድንኳን የሚያህል አረንጓዴ ሸራ መጥቶ ግቢው ውስጥ ተራገፈ። «አለቃ ልኮልዎታል፤ አሁን ትሄዳለች?» አሉ ያመጡት ሰዎች። ደግሰው አመስግኖ ተቀበለና መኪናዋን አለበሳት። ያን ቀን ባልና ሚስቱ ከልጃቸው ከምስጋኑ ጋር ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ በዚያ ቤት ከተሳቀ ቆይቶ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ሳቁ በየት በኩል ከቤት እንደወጣ እግዜር ይወቀው፣ አለቃው ጆሮ ደረሰ። የተሳቀበት ሰው ደግሞ ሁለተኛ አይሳሳትም። አሁን የላከው በልኳ የሚገጥም፣ ከፋብሪካ እንደወጣ የታሸገ ነው። ዛሬ ውለው ይግጠሙ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንመጣለን፣ ሹፌርም ይዘጋጅ፤ መልእክቱ ይኸው ነው።

«ምስጋኑን ወንድሜ ዘንድ ልላከው» አለች ባንችይርጋ። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። ልጁ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ መንዳት የለመደው አባቱ ጭን ላይ ተቀምጦ መሪ በመጨበጥ ነው፤ ይህንንም ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ሰፈሩ ያወቀውን ደግሞ እነሱም ያውቃሉ።

«የለም ብንላቸው እኔን ይጠይቁኛል። እኔን ጠይቀው ሲያበቁ አንቺን።»

«እና?»

«እናማ እኔ እነዳታለሁ።»

«በየትኛው እግርህ?»

የፍሪሲዮን ፔዳል የሚረገጠው በግራ እግር ነው፤ የደግሰው ግራ ጉልበት ደግሞ ክረምት ላይ ጭቃ አንሸራቶት ከወደቀ ወዲህ ደረጃ እንኳ አይወጣም። ቆሞ ግራ እግሩን ወለሉ ላይ ጫን ጫን አድርጎ ሊያሳያት ሞከረ። ፊቱ ሲጨማደድ እንዳታይበት ወደ በሩ ዞረ፤ እሷም እንዳላየች ሆነች። የፈሩት ይደርሳል የሚለው ተረት እዚያው ወለሉ መሐል የቆመ መሰላት።

አረንጓዴው ሸራ ተገፈፈና አባትና ልጅ ሥራ ጀመሩ። በደህና ጊዜ ቢሆን ጋራዥ ይገባ የነበረ ሥራ ነው፤ አሁን ጋራዡም ባለቤቱም የሉም። ካምቢዮ የሚሉት የማርሹ ቤት ከሞተሩ ተላቆ ካልወረደ ሸራው አይገኝም፤ ካምቢዮው ደግሞ በሬ ነው፣ ለሁለት ሰው አይበገርም። መኪናዋን በድንጋይና በባሕር ዛፍ ግንድ ደገፏት፤ ሥሯ አሮጌ ጎማ አነጠፉ። ምስጋኑ ከሥሯ ተንጋሎ ይፈታል፤ ደግሰው በተጎዳው ጉልበቱ ላይ ላለመንበርከክ በጎኑ ተኝቶ ቁልፍ ያቀብለዋል። የፊት ወንበሮቹ ወጥተው ሳሎን ገቡ፤ ከሶፋው ትይዩ ተደርድረው ቀድመው የመጡ እንግዶች መሰሉ። የማርሹ ዘንግ ጠረጴዛው ላይ፣ ብሎኖቹ በወጥ ሰሃን ላይ ተቀመጡ። ባንችይርጋ ቤትና ደጅ ትመላለሳለች፤ የምትሠራው ነገር ግን የለም። መዶሻ ብረት በመታ ቁጥር ጆሮዋን መያዝ ያምራታል፤ ድምፁ በአጥሩ አልፎ «መኪናዋ እየተሠራች ነው» እያለ ለመንደሩ የሚያወራ ይመስላታል። አንዲት ጎረቤት በአጥሩ ቀዳዳ አንገቷን አስግጋ ስለ ሽንኩርት መወደድ አወራች፣ ቤንዚን በውሃ ጠርሙስ መሸጡን፣ ያም ደግሞ ግማሹ ውሃ መሆኑን አወራች፣ በመጨረሻም «ልትሠራ ነው እንዴ?» አለች። ባንችይርጋ «ኧረ ወዲያ፣ ዝገቷን እየነካኩ ነው» ብላ ሳቀች። የራሷ ሳቅ አስፈራት።

ፀሐይ ከፍ ስትል ደግሰው እጁ እስከ ክንዱ ጠቁሮ ወደ ቤት ብቅ አለ። ፌስታሉ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው። «ባንች፣ እጅሽን በሳሙና ታጠቢና ያን ነገር ደህና ቦታ አኑሪልኝ። አቧራ አይንካው። ቅባትማ ጨርሶ! የጣት አሻራ ታህል ቅባት ከነካው አለቀለት፤ ሜዳውን ይሄዳል፣ ዳገት ሲደርስ አልይዝ ብሎ ይንሸራተታል። አየሽ፣ መያዝ ነው ሥራው።» ይህን ብሎ ተመለሰ። ሚስቱን ሲመክር ምን እያስተማራት እንደነበር አላወቀም።

እጇን ታጠበች። ሸራውን ከፌስታሉ አወጣችና ከማርያም ሥዕል ሥር ካለው ሣጥን ላይ አኖረችው። መሐሉ ብረት፣ ዙሪያው ደግሞ ሸካራ፣ ሲነኩት እንደ ደረቀ ቆዳ የሚል ነገር ነው። ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ወደ ሞተሩ፣ ሌላው ወደ ማርሹ ይዞራል። ለዚህች ክብ ነው ልጄን የሚወስዱት፣ ብላ አሰበች። ከሣጥኑ ጎን፣ መደቡ ሥር፣ የቅቤው ማሰሮ ተከድኖ ተቀምጧል። ሁዳዴ ከገባ የነካው የለም። የላከችላት ከላስታ ገጠር እናቷ ናት፤ እናቷ በምርቃቷ የታወቀች፣ መንገደኛ ሁሉ ደጇ ቆሞ «ይመርቁኝ» የሚላት ሴት ነች። «ምርቃት ከውሸት አፍ ከወጣ ተመልሶ የመራቂው ልጅ ላይ ነው የሚወድቅ» ትል ነበር። ባንችይርጋ በዚያ ሰዓት ያሰበችው ስለ ምርቃት አይደለም። ያሰበችው ከቤታቸው በላይ ያለውን፣ ወደ ኩልመስክ የሚወጣውን ዳገት ነው። የሹፌር ሚስት ናት፤ ከሃያ ዓመት በላይ ከባሏ ጋር ስለ መኪና ሕመም ስታወራ ኖራለች። ሜዳውን ትሄዳለች። ዳገቱ መሐል ስትደርስ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ይለግማል። ሸራውን ያመጡት ራሳቸው ናቸውና «የላክነው ዕቃ የማይረባ ነው» ይላሉ። መኪናዋን እዚያው ትተው ይሄዳሉ፤ ምስጋኑም በእግሩ ወደ ቤቱ ይወርዳል። እንዲህ ነበር ስሌቷ፤ ተራራ አገር ለኖረች ሴት መጥፎ ስሌት አልነበረም።

በሩን ገርበብ አድርጋ የማሰሮውን ክዳን አነሣች። ሁለት ጣቷን ነከረች። ስታወጣቸው ቅቤው ሥዕሉ ሥር ጠብ አለ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። አንዱን ፊት ቀባች፤ አንዱ አይበቃ ይሆናል ብላ ገልብጣ ሁለተኛውንም ቀባች። እንዳያብለጨልጭ በጨርቅ ለስለስ አድርጋ አሸችው። ከዚያ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ እንደገና ታጠበች። አደባባይ ላይ የቆመች ያህል ፈራች። መዶሻው ውጭ ሲቆም ልቧ አብሮ ቆመ፤ መዶሻው ሲቀጥል ቀጠለ።

ካምቢዮው ከወረደ በኋላ ደግሰው ሸራውን ሊወስድ መጣ። እጁን ታጥቧል። ሸራውን በሁለት እጁ እንደ ዳቦ ተቀብሎ ወጣና መኪናዋ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ባንችይርጋ ከበሩ ጀርባ ታየዋለች። ሸራውን ወደ ፊቱ አስጠጋው፤ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ሁሉን ነገር አስጠግቶ ማየት ልማዱ ነውና አልገረማትም። ቆይቶ ጀርባውን ወደ ቤቱ አዞረና «ምስጋኑ፣ ያቺን ቤንዚን አቀብለኝ፤ የብርጭቆ ወረቀቱንም» አለ። የቤንዚን ሽታ መጣ፤ ቀጥሎ የብርጭቆ ወረቀት ብረት ሲፍቅ ተሰማ። የሞተሩን ፊት እያጸዳ ነው፣ አለች በልቧ፤ አዲስ ሸራ ከመግባቱ በፊት እንደዚያ እንደሚደረግ ታውቃለች። ጠርሙሷ ውስጥ የነበረችው ቤንዚን ሁለት ጉንጭ ብትሆን ነው። ብዙም ሳይቆይ ጸጥ አለ።

ቅዳሴ ሲወጣ ለመብላት ገቡ። ካምቢዮውን መልሶ ለማንሣት የሚያግዛቸው ጎረቤታቸው ሙሐዲን ክሪኩን በትከሻው ተሸክሞ መጣ። እሱም ረመዳን ይዟልና እህል አይቀምስም፤ ግን ሰው ሲበላ ውጭ ቆሞ መጠበቅ ነውር ነው ብለው አስገቡት፤ ከመኪናዋ ወንበር በአንዱ ላይ ተቀመጠ። «አያ ደግሰው፣ ዘንድሮ ሁላችንም ጾመኛ ሆነን ማን ሊያበላን ነው?» አለ። ማንም አልሳቀም፤ እሱም እንዲስቁለት አልጠበቀም። ሽሮው ቀርቦ ነበር። ምስጋኑ ብቻ ከልቡ ይበላል፤ ፊቱ ጥቁር ዘይት ነክቶታል፤ ሥራው ስለሰመረለት የፈካ መሆኑን እናቱ አየች። እሱ ዛሬ መኪና እየጠገነ ነው፤ ማታ የሚሆነውን ወጣትነቱ ጋርዶበታል። ባንችይርጋ አንድ ጉርሻ አንሥታ መልሳ አኖረች። ደግሰው አንገቱን ደፍቶ ሲበላ ቆየና ቀና ሳይል፣ «ባንች፣ ቅቤው ለፋሲካ ይትረፍ» አለ።

በቤቱ ውስጥ ማንም ምንም አላሰበም። ሙሐዲን፣ ሰው በጾም ስለ ቅቤ ማለሙን ያውቃልና ፈገግ አለ። ባንችይርጋ ግን ጣቶቿ ሰሃኑ ላይ ቀሩ። ዐወቀ። በዓይኑ ሳይሆን በአፍንጫው ነው ያወቀው፤ በሁዳዴ፣ ቅቤ በማይነካበት ቤት፣ የቅቤ ሽታ ከየት ይመጣል? «ይተርፋል» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ወዲያ አልተያዩም። እነዚህ ባልና ሚስት ነገርን በሰምና ወርቅ ሲነጋገሩ የኖሩ ናቸው፤ ልጅና እንግዳ ባለበት ቤት ሌላ መነጋገሪያ የለም። እሷም ወርቁን ያገኘችው መሰላት፤ ዐውቄያለሁ፣ ሸፍኜሻለሁ፣ ዝም በይ፣ ማለቱ ነው አለች። ፍርሃቷ አልጠፋም፤ ግን ብቻዋን አለመፍራቷ ትንሽ አሳረፋት፤ ሁለት ጉርሻም ጎረሰች።

ከምግቡ በኋላ ካምቢዮው በክሪክና በገመድ፣ በሙሐዲን «ያ ረቢ!» እና በምስጋኑ ማቃሰት ተመልሶ ወጣ። ብሎኖቹ ከወጥ ሰሃኑ እያለቁ ሄዱ። ወንበሮቹ ከሳሎን ወጡ፤ ቤቱ እንደገና ቤት ሲሆን ለባንችይርጋ ግን ይበልጥ ባዶ ሆነባት። ሙሐዲን ክሪኩን አንሥቶ «አሏህ ያግራው» ብሎ፣ ይህንንም በሹክሹክታ ብሎ፣ በጓሮ በኩል ሄደ። ደግሰው ራሱ ጋቢና ገባ። ምስጋኑ «አባ፣ እኔ ልሞክራት» ቢለው በእጁ አስቆመው። ሞተሩን አስነሣ። ከዚያ ግራ ጉልበቱን በግራ እጁ ጫን አድርጎ ወደ ታች እየገፋ ፔዳሉን ረገጠ፤ እግሩ ብቻውን እንደማይችል በመስታወቱ አየችው። ላቡ ከግንባሩ ወረደ። መኪናዋ ክንድ ያህል ወደ ፊት ሄደች፣ ቆመች፣ ወደ ኋላም ሄደች። «ይዟል!» ብሎ ምስጋኑ ጮኸ፤ ከደስታው የተነሣ የጎማዋን መሸፈኛ በመዳፉ መታ። ሜዳ ነው፣ አለች ባንችይርጋ በልቧ፤ ሜዳውንማ ትሄዳለች።

መጡ። ፀሐይዋ ገና ተራራው ጫፍ ላይ ነበረች። አለቃው ጠመንጃ አልያዘም፤ ሌሎቹ ይዘውለታል። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ጋቢ የደረበ፣ ጥርሱን እንደሚያመው ሁሉ አንድ ጉንጩን ደጋግሞ የሚይዝ ሰው ነው። «እንዴት ዋላችሁ እናቴ» ብሎ ለባንችይርጋ እጅ ነሣ። አረንጓዴውን ሸራ ተጣጥፎ ሲያየው ቆም አለ። «ይቺንም እንወስዳታለን፤ ለሳቃችሁ በቅታለች» አለ። ደግሰው እግሩን ቀጥ አድርጎ ለመቆም እየታገለ «ሹፌሩ እኔ ነኝ፤ ልጁ አይችልበትም» ሲል፣ አለቃው «ሹፌር አግኝተናል» ብሎ ወደ ኋላው ጠቆመ።

ሹፌር አግኝተናል። ባንችይርጋ ቃሉን ሰማችና የበሩን መቃን ያዘች። አግኝተዋል። ምስጋኑ አይሄድም፣ ደግሰውም አይሄድም። ማርያምን አመስግና ሳትጨርስ ከባለጠመንጃዎቹ መሐል አንድ ቀጭን ሰው ወጣ። ዕድሜው ከምስጋኑ ብዙም አይርቅም፤ የለበሰው ኮት ሰፍቶት ትከሻው ላይ ወድቋል። ጋቢና ገብቶ ፔዳሉን ረገጥ ረገጥ አድርጎ ሞከረ፣ መስታወቱን ለራሱ ልክ አስተካከለ። ከዚያ ወረደና ቀጥ ብሎ ወደ እሷ መጣ፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆመ።

«እማማ፣ ደሴ እባላለሁ፣ የወገል ጤና ልጅ ነኝ። ዳገቱን እስከ ላይ ዛሬ እንወጣለን ብለዋል። እናቴ ሳትመርቀኝ ነው የወጣሁትና እርስዎ ይመርቁኝ።»

በሰላም ግባ ማለት ብቻ ነው። በወሎ ምድር ለመንገደኛ የማይነፈግ ነገር ነው፤ ለጠላትም ቢሆን ይባላል። ባንችይርጋ አፏን ከፈተች። ዳገቱን አየችው፤ በዚያ ዳገት መሐል መኪናዋ ስትለግም መሪውን የሚጨብጠው እጅ የምስጋኑ ሳይሆን የዚህ ልጅ ነው። ዕቃው አይረባም ብለው ይሂዱ ይሆናል፤ ይህንን ልጅ ግን ሆን ብለህ ነው ቢሉትስ? ዳገቱ ላይ የሚጠብቃቸው ካለስ? ልጄን ላድን ብዬ የሌላዋን እናት ልጅ ቀባሁት። በሰላም ግባ ብትል ውሸት ነው፤ ውሸት ምርቃት ደግሞ የት እንደሚወድቅ እናቷ ነግራታለች። ደሴ አንገቱን እንደደፋ ይጠብቃል። ምርቃቱ ስለዘገየ አለቃው ዞሮ አየ።

«አትሂድ ልጄ» አለች። «ሸራው አይዝም። ቅቤ ቀብቼዋለሁ።»

«ጠርጌዋለሁ!» አለ ደግሰው፤ ድምፁ ከመቼውም ጊዜ ይልቅ ጮኸ። «ጌታዬ፣ ጠርጌዋለሁ፣ በቤንዚን አጥቤዋለሁ፣ ይይዛል!»

ባንችይርጋ ባሏን አየችው። እሱም አያት። ያኔ ነው ሁለቱም በአንድ ጊዜ የገባቸው። ለፋሲካ ይትረፍ ያላት፣ ያደረግሽውን አይቻለሁ፣ አጥፍቼዋለሁም፣ አትፍሪ፣ ሊላት ነበር። ዝም ብትል ኖሮ መኪናዋ ወጥታ ትሄድ ነበር፤ ልጃቸውም እዚህ ግቢ ውስጥ ይቀር ነበር። እሱ ደግሞ ባይጮህ ኖሮ፣ ሴትየዋ ከፍርሃት የተናገረችው ነው ይባል ነበር። አሁን ሁለቱም ተናግረዋል።

አለቃው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ጉንጩን ይዞ አንዴ እሷን አንዴ እሱን ሲያይ ቆየ። «እናቴ፣ እርስዎ ቀብቻለሁ ይላሉ፤ ሰውየው ጠርጌያለሁ ይላል» አለ። «እኔ የማንን እንደማምን አላውቅም። ልጁ አብሮን ይምጣ። አባትየው ጠርጎት ከሆነ ልጁ ዳገቱን ወጥቶ በሰላም ይመለሳል። ካልጠረገው ግን ከእኛው ጋር ዳገቱ ላይ ይቆማል።»

«እኔ ልምጣ ጌታዬ፤ የሠራኋት እኔ ነኝ» አለ ደግሰው።

አለቃው እግሩን አየና በአገጩ ወደ ምስጋኑ ጠቆመ። ምስጋኑ ዘይት የነካ እጁን በሱሪው ጠረገ። ማንም ሳይጎትተው፣ ማንም ሳይገፋው ሄዶ፣ ወደ መሪው ከተመለሰው ከደሴ ጎን ተቀመጠ። ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ጠፍቷል፤ ማታ የሚሆነው ነገር አሁን ታይቶታል። በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «እማ» አለ። ደሴም ከወዲያ በኩል አሁንም ምርቃቱን ይጠብቃል። ባንችይርጋ ሁለት እጆቿን ዘረጋች። «በሰላም ግቡ። መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ። ሁለታችሁንም ለእናቶቻችሁ ያግባችሁ።» «አሜን» አሉ ሁለቱም። ባለጠመንጃዎቹ ከኋላ ተሳፈሩ፤ አረንጓዴውን ሸራም ጫኑት። ላንድክሩዘሯ ደረቱን ቀና አድርጎ እንደሚሄድ ሰው ከግቢው ወጣች።

ባልና ሚስቱ የተከፈተው በር ላይ ቆሙ። መኪናዋ ሜዳውን እስክትጨርስ በዓይናቸው ሸኟት።

«ለምን ጠረግኸው?» አለች።

«ሲግል ይሸት ነበር ባንች። በሁዳዴ ቅቤ ቅቤ የምትሸት መኪና! በማን ላይ እንደሚያመካኙ አላሰብሽም?» ወደ እሷ ዞረ። «በየትኛው ፊቱ ነበር የቀባሽው?»

«በሁለቱም።»

ደግሰው ዓይኑን ወደ ዳገቱ መለሰ። ክንዱን ያዘችው። «ደግሰው፣ ሁለቱንም ጠርገሃል?»

«ቤንዚኑ ትንሽ ነበር» አለ። «ምስጋኑ እንዳይጠረጥር ቸኮልሁ። አንደኛውን አጥቤ ፈቅፍቄዋለሁ። ሌላውን... ሌላውን በደረቅ ጨርቅ አለፍ አለፍ አድርጌዋለሁ። ደህና መስሎኝ ነበር።»

ዳገቱ ሥር የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። መኪናዋ መውጣት ጀመረች፤ ከዛፎቹ ጀርባ አትታይም፣ ድምፅዋ ብቻ ነው የሚመጣው። ወፍራምና የተረጋጋ ድምፅ ነው፤ ጭነት የተሸከመ፣ መሬት የያዘ ድምፅ። ባንችይርጋ ትንፋሿን ውጣ ታዳምጣለች። መሐል ሲደርስ ሞተሩ በድንገት ከፍ ብሎ ጮኸ። ደሴ ማርሽ እየቀየረ ይሁን፣ ወይስ ሸራው ስቶ፣ ደግሰውም መለየት አልቻለም፤ ባንችይርጋ የያዘችው ክንዱ ደርቆ ነበር። ጩኸቱ አልወረደም።

«ያዥ» አለች ባንችይርጋ፣ ቀኑን ሙሉ አትያዥ እያለች ስትለምናት ለዋለችው መኪና። «በማርያም ያዥ፤ ልጄን ይዘሻል።»